ነፃ ገበያና መጠበቅ የማይችለው ሻጭ

የብር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ በቀበሌ ስብሰባም ሆነ በፋብሪካ የምሳ ሰዓት፣ በዕድሩም ሆነ በዕቁቡ፣ ስለ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ክርክር ሳይነሣ የሚዋልበት ቀን ጥቂት ነው። አንደኛው ወገን መንግሥት እጁን ከገበያው ላይ ባነሣ መጠን ምርት ይበዛል፣ አምራቹም የድካሙን ዋጋ ያገኛል ይላል። ሁለተኛው ወገን ዋጋ በመንግሥት ካልተቆረጠ ሰፊው ሕዝብ የነጋዴ ሲሳይ ሆኖ ይቀራል ሲል ይመልሳል። ሁለቱም በገበሬው ስም ይምላሉ። ገበሬው ምርቱን የሚሸጥበትን ቀን ማን እንደሚቆርጥለት ግን አንዳቸውም ሲጠይቁ አይሰሙም። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ቀን ነው።

ጉዳዩን በአዳራሽ ውስጥ ከመመርመር ይልቅ በአንድ በተወሰነ ቦታ ላይ መመርመር ይሻላል። ቦታው አብርሃ ጅራ ነው። አብርሃ ጅራ በምዕራብ ጎንደር ዞን የምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ ሲሆን፣ ከጎንደር ተነሥቶ በሳንጃ በኩል ወደ ቆላው የወረደ መንገደኛ የሚያገኘው፣ ጥቁር አፈር ለጥ ብሎ የተንጣለለበት፣ ሙቀቱ የበረታ የድንበር አገር ነው። የሚበቅለው ማሽላ፣ ጥጥና ከሁሉም በላይ ሰሊጥ ነው። የዚህ ድንበር ሕዝብ ንግድን ከመጽሐፍ የተማረ አይደለም። ከጎንደር የሚነሣው ሲራራ ነጋዴ ቡናውንና ሰሙን ጭኖ ወርዶ በመተማ ከሱዳን ከመጣው ነጋዴ ጋር ሲገበያይ የኖረው ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 በዚያው ስፍራ ከመውደቃቸው ከብዙ ዘመን በፊት ጀምሮ ነው። በዚያ ገበያ ሰውም እንደ ሸቀጥ ይሸጥ እንደነበረ መሸፈን አይገባም። ገበያ የቀረበለትን ሁሉ ይመዝናል፤ ምን እንደሚቀርብለት የሚወስነው ሌላ ኃይል ነው።

የከተማው ሠራተኛ «የአርማጭሆ ሰሊጥ ለእኔ ምኔ ነው?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ሰሊጥ ለብዙ ዓመታት ከቡና ቀጥሎ አገራችን ወደ ውጭ ከምትልካቸው የእርሻ ውጤቶች በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀስ ነበር፤ ዋነኛዋ ገዢም ቻይና ነበረች። ለመድኃኒት፣ ለመለዋወጫና ለነዳጅ የሚከፈለው ዶላር ከፊሉ የሚገኘው ከዚህ ፍሬ ነው ማለት ነው። ይህችው የቅባት እህል ላኪ አገር ደግሞ በየወጥ ቤቱ የሚፈሰውን የፓልም ዘይት አብዛኛውን ከባሕር ማዶ ታስገባለች። ስለዚህ በቀበሌው ሱቅ በር ላይ ለዘይት የተሰለፈ ሰው ቢያውቀውም ባያውቀውም ከአብርሃ ጅራ ገበሬ ጋር በአንድ ሰልፍ ላይ ቆሟል።

አስቀድመን የነፃ ገበያ ደጋፊዎችን ክርክር በሚገባው ክብደት እናቅርብ። የተቃዋሚን ሐሳብ አሳንሶ ማቅረብ የዚህ ዓይነቱ ገጽ የቆየ ድክመት ነውና። ፍሬድሪክ ሃየክ የተባለው የኦስትሪያ ተወላጅ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1945 ባወጣው ጽሑፍ ያቀረበው ክርክር እስከ ዛሬ ተገቢ መልስ ይጠይቃል። በእርሱ አመለካከት ዋጋ ማለት ዜና ነው። ዝናቡ የት እንደ ቀረ፣ ገዢው የት እንደ በዛ፣ ምን እንደ ረከሰና ምን እንደ ተወደደ በሚሊዮን ሰዎች አእምሮ ውስጥ ተበታትኖ የሚገኝ ዕውቀት ነው፤ ይህን ዕውቀት አንድ መሥሪያ ቤት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሰብስቦ ሊጨርሰው አይችልም። ዋጋ በትእዛዝ ሲቆረጥ ዜናው ይታፈናል። አምራቹም ምን መዝራት እንዳለበት የሚነግረው አያገኝም።

ይህ ሐሳብ በአገራችን ተፈትኗል። በ1967 ዓ.ም. የካቲት 25 ቀን የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛውን ከባለ መሬት ቀንበር ነፃ ያወጣ ታላቅ ርምጃ መሆኑን የሚክድ የለም። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ሌላ ቀንበር ነበር። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ተቋቁሞ እያንዳንዱ የገበሬ ማኅበር ኮታ ተጣለበት፤ ዋጋው ከገበያው እጅግ ዝቅ ተደርጎ ተቆረጠ፤ ነጋዴውም ከገዛው እህል ግማሹን ለድርጅቱ እንዲያስረክብ ተገደደ፤ እንደ ጎጃምና አርሲ ባሉ ትርፍ አምራች ክፍለ ሀገሮች ደግሞ የግል የእህል ንግድ እስከ መታገድ ደረሰ። ምርቱ ያልደረሰለት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለድርጅቱ በርካሽ ያስረከበበት ጊዜ እንደ ነበረ በዕድሜ የገፉ አንባቢዎቻችን አይዘነጉትም። በየመንገዱ ኬላ ቆመ። የሰቲት ሑመራ ሰፋፊ የሰሊጥ እርሻዎች ተወርሰው የመንግሥት እርሻ ሆኑ፤ ብዙዎቹ ባለ እርሻዎችም ጫካ ገቡ። የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅና ኮታው ሲነሣ እህል ወደ ፈለገው ገበያ መሄድ ጀመረ፤ በትርፍ አምራቹ አካባቢ የገበሬው መሸጫ ዋጋ ከፍ አለ። ያን ጊዜ ግን ረፍዶ ነበር፤ ሥርዓቱ ከዓመት ከሦስት ወር በኋላ ወደቀ።

ለዚህ ትምህርት ሩቅ መሄድ ሳያስፈልግ የቅርብ ጊዜዋን ጋናን መመልከትም ይበቃል። በጋና የካካዎ ዋጋ የሚቆረጠው በመንግሥት ቦርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የዓለም ገበያ ዋጋ በቶን ከ10,000 ዶላር በላይ ሲወጣ የጋና ገበሬ ቀደም ብሎ በተቆረጠ ዝቅተኛ ዋጋ ታስሮ ስለ ነበር፣ ካካዎው በሌሊት ድንበር እየተሻገረ ወደ ጎረቤት አገር ኮበለለ። የምዕራብ አርማጭሆ ሰውም ይህን ጉዳይ ያለ አስተርጓሚ ይገነዘበዋል። ከአጠገቡ ሌላ ገንዘብና ሌላ ዋጋ ያለው አገር አለና፣ በዚህ ወገን ዋጋ በታፈነ ቁጥር ሰሊጡ በዚያ ወገን ይተነፍሳል። በጠረፍ ላይ የዋጋን ትእዛዝ በጠመንጃ ማስከበር ኬላ ጠባቂውን ከማበልጸግ ያለፈ ውጤት ሲያስገኝ አላየንም።

እንግዲህ ወደ ኮታ እንመለስ የሚለውን አንቀበልም። የምንዛሪው መለቀቅም ለሰሊጥ አምራቹ መሠረታዊ የሆነ ነገር እንደ ለወጠ እናምናለን። ይኸውም እንዲህ ነው። ከለውጡ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ሲሆን ከባንክ ውጭ ግን ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ያወጣ ነበር። ላኪው ካገኘው የውጭ ምንዛሪ አብዛኛውን በዝቅተኛው ዋጋ እንዲያስረክብ ይገደድ ነበር፤ የተረፈችው ጥቂት ዶላር ግን ዕቃ አስመጥታ የምታተርፈው ትርፍ ብዙ ስለ ነበረ፣ አንዳንዱ ላኪ ሰሊጡን ከዓለም ገበያ ዋጋ አስበልጦ በአገር ውስጥ እየገዛ በኪሣራ ይልክ ነበር። ኪሣራውን የሚያካክሰው ባስመጣው ሸቀጥ ላይ ነው፤ ሂሳቡን የከፈለውም ሸቀጡን የገዛው የከተማ ሠራተኛ ነው። ከሐምሌ 2016 በኋላ ዶላሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲወጣ የሰሊጥ ዋጋም በዚያው ልክ እጥፍ ይሆናል ብሎ የጠበቀ ሰው ይህን ስሌት የዘነጋ ነው። የተደበቀው ምንዛሪ በገበሬው ዋጋ ውስጥ አስቀድሞ በከፊል ገብቶ ነበርና። ለውጡ የተደበቀውን አደባባይ አወጣው። ይህ በጎ ነው፤ ሂሳብ በብርሃን ሲሠራ ማን ምን እንደሚከፍል ይታያል።

ይሁን እንጂ ነፃው ዋጋ አብርሃ ጅራ ሲደርስ ምን ይገጥመዋል?

በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን የገበያን ሕግ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተምረናል። አንድ ወደ ላይ የሚወጣ መስመር፣ አንድ ወደ ታች የሚወርድ መስመር፣ ሁለቱ የሚገናኙበት ነጥብም ዋጋው ነው። ሥዕሉ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን በዚያ ሥዕል ላይ ወር የለም። የሰሊጥ ገበሬ ኑሮ ደግሞ ሁሉ በወር የተቆጠረ ነው።

ሰሊጥ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ይዘራል። በዝናቡ መካከል አረሙ ይነሣል፤ አረም አንድ ጊዜ ቢዘገይ ቡቃያውን ይውጠዋል፤ ስለዚህ ለአራሚ የሚከፈል ጥሬ ገንዘብ በዚያው ሳምንት መገኘት አለበት። ከዚያ ትሉ አለ። ከዚያ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ አጨዳው ይደርሳል። የሰሊጥን ጠባይ ለማያውቀው የከተማ አንባቢ እንንገረው፤ ይህ ሰብል እንደ ማሽላ ቆሞ ባለቤቱን አይጠብቅም። ሲደርቅ ቆቡ ከጫፉ ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይፈሳል። በመሆኑም ገና አረንጓዴነቱ ሳይለቅ በቶሎ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ በሂላ ሂላ ተደርጎ ቀጥ ብሎ እንዲደርቅ ይቆማል፤ ኋላም ይራገፋል። ለአጨዳው ያለው ዕድሜ ከሁለት ሳምንት ብዙም አይበልጥም። በነዚያ ሁለት ሳምንታት ሠራተኛ ያጣ ገበሬ የዓመት ድካሙን አፈር ላይ ሲበተን ያያል። ስለዚህ የፈለገውን ያህል ቢጠየቅም ይከፍላል፤ የሌለውን ደግሞ ይበደራል።

አበዳሪው ማን ነው? ባንኩ በነሐሴ ጭቃ ውስጥ አይታይም። የሚታየው ነጋዴው ነው። ብድሩ የሚመለሰውም ምርቱ በተራገፈበት በኅዳር ነው። ለምሳሌ ያህል ብቻ አንድ ስሌት እንሥራ፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዘገባ አይደሉም። አሥር ሄክታር ያረሰ ገበሬ በሄክታር 5 ኩንታል፣ በድምሩ 50 ኩንታል ያገኛል እንበል። ለአረምና ለአጨዳ 200,000 ብር በወር 10 በመቶ ወለድ ተበድሯል። በሦስት ወር ውስጥ ዕዳው 260,000 ብር ይሆናል። በኅዳር የአንድ ኩንታል ዋጋ 10,000 ብር ቢሆን ዕዳውን ለመክፈል 26 ኩንታል ይሸጣል፤ ከምርቱ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ይኸው ገበሬ በዓመት 18 በመቶ ወለድ ከባንክ ተበድሮ እስከ የካቲት ስድስት ወር መቆየት ቢችል ዕዳው 218,000 ብር ይሆናል። ዋጋው ወደ 12,000 ብር ከፍ ቢል 18 ኩንታል ከጥቂት ኪሎ ይበቃዋል። አይ፣ ዋጋ ሁልጊዜ አይወጣም የሚል አለ፤ እውነት ነው። እንግዲያው ዋጋው ወደ 9,000 ብር ወርዷል እንበል። ያን ጊዜ እንኳ 24 ኩንታል ገደማ ይበቃዋል። የመጋዘን ኪራዩንና የሚባክነውን ቀንሰንም ቢሆን፣ ዋጋ ወድቆበት እንኳ፣ ከኅዳሩ ሽያጭ የከፋ አይሆንበትም።

አንባቢያችን ልብ ይበል፤ በዚህ ስሌት ውስጥ ኮታ የለም፣ የዋጋ ቆራጭ መሥሪያ ቤት የለም፣ ጠመንጃ የያዘ ኬላ ጠባቂም የለም። ዋጋው በሁሉም ወራት ነፃ ነው። ያልተለቀቀው ሻጩ ነው። ሁሉም ተበዳሪ በአንድ ወር፣ በአንድ ገበያ፣ ለጥቂት ገዢዎች ሲያፈስስ ዋጋው የሚናገረው ዜና የዓለም ገበያን ሁኔታ ብቻ አይደለም፤ የአርማጭሆን ገበሬ ዕዳም ይናገራል። ሃየክ ዋጋን ዜና ብሎ ሲጠራው ልክ ነበር፤ የተቸገረ ሰው ድምፅ ግን በዚያ ዜና ውስጥ አይሰማም። አማርትያ ሴን የተባለው የሕንድ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ የኛኑ የወሎን ረሀብ መርምሮ ያሳየውም ይህንኑ ነው። በ1965 ወሎ ሲራብ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እጅግ አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ እህል እየተጫነ የወጣበት ሁኔታ ነበር። የተራበው ሕዝብ የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው ረሀቡ በዋጋ ላይ አልተጻፈም። ገበያው አልተሳሳተም፤ የተጠየቀውን ብቻ መለሰ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። በዚህ ዓይነቱ ገጽ እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲነሣ ጥፋቱን ሁሉ በስግብግብ ነጋዴ ላይ መጣል የተለመደ ነው። አበዳሪው ነጋዴ ወለዱ ከባድ ይሁን እንጂ በነሐሴ ጭቃ ውስጥ ገንዘብ ይዞ የሚደርስ ብቸኛ ሰው ነው። ዝናቡ ቢቀር፣ ትሉ ቢገባ፣ ገበሬው ከአካባቢው ቢፈናቀል የሚከስረው እርሱ ነው። በኅዳር 2013 ዓ.ም. የሱዳን ጦር በድንበሩ ላይ መሬት በያዘ ጊዜ ያረሰውን ያላጨደ ብዙ ነው፤ ያልታጨደ ሰሊጥ ደግሞ ብድር አይመልስም። ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ በሱዳን የሚካሄደው ጦርነት የገላባትን በር አንዴ ሲከፍተው አንዴ ሲዘጋው፣ ከዚያው ዓመት ነሐሴ ወዲህም በክልሉ ውስጥ ያለው ግጭት መንገዱን አስጊ ሲያደርገው፣ ይህ ሥጋት ሁሉ በወለድ ላይ ይታሰባል። ነጋዴውን ብናስር ሥጋቱ አይታሰርም። በሚቀጥለው ነሐሴ ገበሬው ያን ውድ ብድር እንኳ ያጣል እንጂ። መፍትሔው ሁለተኛ አበዳሪ ማምጣት ነው።

ስለ ሠራተኛውም ሳንናገር ማለፍ አንችልም፤ የዚህ ገጽ ብዙ አንባቢዎች የእርሱ ወገኖች ናቸውና። በአጨዳው ወቅት ከጎጃም፣ ከወሎና ከጎንደር ደጋ በሺህ የሚቆጠር ወጣት ማጭዱን ይዞ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ እዚያው ከርሞ በቀን ሥራ የሚኖረውን ደግሞ የአካባቢው ሰው ሳሉግ ይለዋል። የሰሊጡ ቆብ ሊከፈት በተቃረበባቸው በነዚያ ሁለት ሳምንታት ገበያው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ከዚህ ሰው ጎን ይቆማል። ምንዳውን ከፍ አድርጎ ሊጠይቅ ይችላል። ይህን ጊዜ ነው፣ ለሰሊጥ ዋጋ ነፃነት አጥብቆ የሚከራከር ባለ እርሻ፣ የሠራተኛው ምንዳ ጣሪያ እንዲበጅለት አቤት ሲል የሚደመጠው። ነፃነቱ ለሰሊጡ ከሠራ ለክንዱም መሥራት አለበት። ሠራተኛው በዚያ ቆላ ከምንዳው ሌላ ይዞት የሚመለሰው ነገር አለ፤ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛር የዚህ ምድር ነባር በሽታ ነው፤ ደጋ ተወልዶ በሽታውን የማያውቅ አካል ደግሞ ለእርሱ ቀላል ምርኮ ነው። በሜዳ የሚያድር አጫጅ የአጎበር ዋጋ በሰሊጡ ዋጋ ውስጥ ሲታሰብ አላየንም። እዚህ ላይ ባለ እርሻው ወይም መንግሥት ሊከፍል የሚገባውን ወጪ ገበያው ራሱ ፈልጎ ያመጣዋል ማለት ሰውን ማታለል ነው።

እንግዲህ ሁለተኛው አበዳሪ ከየት ይመጣ? በሕግ ረገድ ሲታይ አገሪቱ አልሰነፈችም፤ እንዲያውም ሕጎቹን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው መሣሪያው ሁሉ ተሟልቶ ሥራው ብቻ መቅረቱን አይቶ ይገረማል። የመጋዘን ደረሰኝ ሥርዓት በአዋጅ ቁጥር 372/1996 ከታወጀ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ተቋቁሞ በሚያዝያ 2000 ሥራ ጀመረ። የመጀመሪያዋ ሥራ አስፈጻሚ ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን ከዚያ በፊት በእህል ገበያችን የደላላን ሚና ያጠኑ ባለሙያ ነበሩ፤ ሐሳባቸውም ገዢና ሻጭ ሳይተዋወቁ በደረጃና በሚዛን ተማምነው እንዲገበያዩ ማድረግ ነበር። ነጩ የሑመራና ጎንደር ሰሊጥ በምርት ገበያው የራሱን መደብ አገኘ፤ አብርሃ ጅራም መጋዘን ካገኙት ከተሞች አንዷ ሆነች። ሰሊጡ ይመዘናል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ደረሰኝ ይሰጥበታል። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር ዋስትና እንዲሆን ፈቅዷል። በ2016 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 ደግሞ ገበሬው የመሬት የመጠቀም መብቱን ለብድር እንዲያስይዝ መንገድ ከፍቷል፤ መሬቱ ራሱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ ሆኖ።

ይህ ሁሉ ካለ ገበሬው ለምን በኅዳር ይሸጣል? አንደኛ፣ ምርት ገበያው የሚቀበለው አነስተኛ መጠን ለብዙ ትንንሽ አምራቾች ትልቅ በመሆኑ ደረሰኙ የሚጻፈው በአቅራቢው ስም ነው። ሁለተኛ፣ ደረሰኙ የጊዜ ገደብ ያለው ስለ ሆነ ለመገበያየት እንጂ ለማቆየት የተሠራ አይመስልም። ምርት ገበያውና ባንኮች በደረሰኝ ዋስትና ብድር መስጠት ቢጀምሩም ሥራው በስፋት ወደ ገበሬው አልወረደም። ከሁሉም የሚከብደው ግን ሦስተኛው ነው። የዋጋ ንረትን ለመግታት በነሐሴ 2015 የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ በ2017 ወደ 18 በመቶ ከፍ ተደረገ፤ ከዚያም እየላላ መጥቷል። ንረቱን መግታት ተገቢ ነው፤ በደመወዝ የሚኖር ሰው ይህን አይቃወምም። ነገር ግን ብድር በጣሪያ ሲታጠር ባንኩ የቀረችውን ለማን ይሰጣል? በአዲስ አበባ ፎቅ ላስያዘ ነጋዴ ነው ወይስ በአብርሃ ጅራ ኩንታል ላስያዘ ገበሬ? መልሱን ለማወቅ ባንክ ውስጥ መሥራት አያስፈልግም። ስለዚህ ዋጋው በተለቀቀበት ዘመን የገበሬው ገንዘብ ይበልጥ ጠበበ።

በዚህ መካከል በሩ ለውጭ ገዢ ተከፍቷል። በመመሪያ ቁጥር 1001/2016 የውጭ ባለሀብቶች ቡናን፣ ጥራጥሬንና የቅባት እህልን በመላክ ንግድ እንዲሰማሩ ተፈቅዷል፤ በአዋጅ ቁጥር 1360/2017 ደግሞ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ። የገዢው ቁጥር መብዛት በመሠረቱ ለሻጩ ይጠቅማል፤ በዚህ እንስማማለን። የምንጠይቀው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። ርካሽ ገንዘብና ትልቅ መጋዘን ያለው ገዢ፣ እስከ የካቲት ሊያቆይ ከማይችል ሻጭ ፊት ለፊት ሲቀመጥ በኅዳርና በየካቲት መካከል ያለው ልዩነት የማን እንደሚሆን ማስላት አያዳግትም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከመቶ ዓመት በፊት ዕውቀት ያለውና የሌለው ሕዝብ ሲነግዱ ልውውጡ እኩል እንደማይሆን አበክረው የጻፉት ሥልጣናቸው የጉምሩክ ሆኖ፣ ሚዛኑን በየቀኑ እያዩ ነው። በየመንገዱ የሚቆም ኬላም ንግድን እንደሚያደርቅ አስተምረዋል። ዛሬ ከአብርሃ ጅራ እስከ ጎንደር በተጫነ ሰሊጥ ላይ በሕግም ያለ ሕግም የሚከፈለው ሁሉ ተመልሶ የሚቀነሰው ከገበሬው ዋጋ ነው፤ ስለ ነፃ ገበያ የሚናገር ባለሥልጣን ከዚህ ቢጀምር ብዙ ሰው ያምነዋል።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ትንንሹን ምርት አሰባስበው ደረሰኙን በአባሉ ስም ሊያወጡ ይችላሉ። በዚህ ላይ ቅሬታ መኖሩን እናውቃለን፤ ማኅበር ሲባል ኮታው ትዝ የሚለው ሽማግሌ አሁንም በሕይወት አለ፤ ጥርጣሬውም ተገቢ ነው። የዱሮው ማኅበር የገበሬውን እህል ለሌላ የሚያስረክብ እጅ ነበር። አሁን የሚፈለገው ግን ሚዛኑ በአባላት ፊት የሚመዘን፣ ደረሰኙ በአባሉ ኪስ የሚገባ፣ መሸጥና አለመሸጥም የአባሉ ፈቃድ የሆነ ማኅበር ነው። ይህን የማያሟላ ማኅበር ካለ ገበሬው ጥሎት ወደ ነጋዴው ቢሄድ አንወቅሰውም።

የቀበሌ ማኅበር አባላትና ሠራተኞች በየስብሰባው «ዋጋ ይለቀቅ ወይስ ይቆረጥ?» የሚለውን ጥያቄ ይዘው ከሚደክሙ ይልቅ ለሚመለከታቸው ሁሉ ሌላ ጥያቄ ቢያቀርቡ እንወዳለን። በአብርሃ ጅራ መጋዘን ያደረ ሰሊጥ ደረሰኙ ስንት ወር ይቆያል? በዚያ ደረሰኝ ላይ ከዋጋው ስንት እጅ የሚያበድር ባንክ የቱ ነው? ከብድር ጣሪያው ውስጥ ለአረምና ለአጨዳ የተለየ ድርሻ አለ ወይስ የለም? መልስ የሚጠበቅበት ጊዜም ሩቅ አይደለም። በቆላው የሰሊጥ አረም የሚጀመረው በሐምሌ መጨረሻ ነው፤ አበዳሪው ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይደርሳል።